ሦስት ብልቃጥ ኖራ

ሰው በፖለቲካ የሚታሰረው በተናገረው ወይም በጻፈው ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔን ያሳሰረኝ ናስትሮ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት፣ በየሱቁ ተንጠልጥሎ የሚሸጥ ተራ ናስትሮ።

ከላንጋኖ ወደ አዳማ እየተመለስኩ ነበር። ሚኒባሱ ሞጆ ሳይደርስ ኬላ ላይ አስቆሙት። እንደ ልማዱ ውረዱ ተባልን፣ ወርደን ተሰለፍን። ያ ሰሞን ፍተሻ በዝቶ ስለነበር ማንም አልደነገጠም። ከጎኔ የቆመችው ሴትዮ እንዲያውም ከመቂ የጫነችው ቲማቲም እንዳይጨፈለቅባት ነበር ጭንቋ። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ሦስት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች አወጣ። በሦስቱም ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። አንዱ አንገቱ ላይ ቀይ ናስትሮ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ተጠምጥሞበታል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኖራ በለው።»

«በለው ማለት ምን ማለት ነው? ነው ወይስ አይደለም?»

ልክ ነበር፤ እንደዚያ ባልመልስ ይሻል ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ ተቃጥያለሁ፣ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። በዚያ ላይ በአገራችን ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ከቆመ ስለ ዱቄቱ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ቀለሙ የማን እንደሆነ ነው። «ሱቁ ሰማያዊ አልቆበት ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ስሜን በስልክ አስተላለፉ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ «የታሰረው ባልደረባችን የት እንዳለ ይነገረን» ብላ እጇን ያወጣችው ሴት እኔው መሆኔ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ።

ሥራዬን በአጭሩ ልናገር፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት፤ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። የእንቁላል ቅርፊትም፣ የቀንድ አውጣ ቤትም፣ እብነ በረድም እሱው ነው። በየሆቴሉ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ውስጥ ሲጋገር ደግሞ በመዶሻ ካልሆነ አይለቅም። የሚገርመው፣ ያው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ውሃ ውስጥ ሲያድግ ሦስት ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። ምንም ካልጨመራችሁበት ካልሳይት ይሆናል፤ ጠርዝ ያለው፣ ድፍን፣ ብረት ላይ ሙጭጭ የሚል። ማግኒዚየም ጨምራችሁ ካሞቃችሁት አራጎናይት ይሆናል፤ እንደ መርፌ የቀጠነ። ሦስተኛው ቫተራይት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ድቡልቡል፣ ልል፣ በጣት የሚጠረግ። እሱ ግን ዕድሜ የለውም። ውሃ ካገኘው ቀስ በቀስ ወደ ካልሳይት ይለወጣል። የዓመታት ልፋቴ ውሃው ውስጥ ጥቂት የሬት ዝልግልግ ጨምሬ፣ ያ ሦስተኛው እንዲያድግና እንዲቆይ ማድረግ ነበር። ቀዩ ካልሳይት፣ ቢጫው አራጎናይት፣ አረንጓዴው ቫተራይት። ናስትሮው ከዚህ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

አረንጓዴው ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። ሌሎቹን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የሠራኋቸው፤ እሱ ከእውነተኛ ቦይለር የወጣ ነው። ላንጋኖ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሚሠራ የጥገና ባለሙያ፣ አለቆቹ ሳያውቁ ውሃውን ቀድቶ፣ ሬቱን ለውሶበት ቦይለሩ ውስጥ ጨምሮ፣ የተጋገረውን ጠርጎ ሰጠኝ። የሁለት ሕፃናት አባት ነው። ያደረገው ለእኔ ብሎ፣ ትንሽም ለሳይንስ ጉጉቱ ነው። በዚያ ሰሞን ቦይለር ውስጥ ያልታወቀ ነገር ጨምሮ፣ ዱቄት አውጥቶ ለሰው የሰጠ ሰው ምን ተብሎ እንደሚከሰስ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስልኬ ላይ እንኳ ስሙን «ፍልውሃ» ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ለቀልድ ነበር፣ ቀልዱ አተረፈኝ። ፒክአፕ ላይ ተጭኜ አዳማ እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ስሙ ከአፌ እንዳይወጣ።

የገባሁበት ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። አንድ በር፣ ጣሪያው ሥር ሁለት ቀዳዳ። በረኪና፣ ላብና የትናንት ወጥ ይሸታል። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያገኘው ከቀትር በኋላ መነጋገር ራሱ ያደክማል። አሥር ያህል ሴቶች ነበርን። ከየቤቱ የሚገባው ምግብ አንድ ላስቲክ ላይ ተደፍቶ በጋራ ይበላል፤ የማን እናት ሽሮ እንደሆነ አይጠየቅም። ከእራት በኋላ ደግሞ አዲስ የገባች ሴት በሩ ጋ ቆማ ጉዳይዋን ትናገራለች። የክፍሉ ሕግ ነው፤ አልናገርም ማለት ነውር ነው። እንደኔ እንደኔ ለመርማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይገኝም።

ቆሜ ተናገርኩ። ዱቄቱን፣ ሦስቱን ቀለም፣ ማንቆርቆሪያውን። የማንንም ስም አላነሳሁም።

«ለማንቆርቆሪያ እድፍ?» አለች አንዷ። «ኧረ የኔ ቤት ቢፈተሽ ዕድሜ ልክ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከኬላው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ሴት ብቻ አልሳቁም። ጥግ ላይ ተቀምጠው በጣቶቻቸው አንጓ ዚክር የሚቆጥሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ አዳማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል።

ሁሉም ወደየፍራሹ ሲሄድ ጠጋ አሉኝ። «አብሽሪ ልጄ፤ ይኸም ያልፋል» አሉኝ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአረንጓዴውን ውሃ ማን ቀዳልሽ?» አሉ።

ቀዩን አይደለም፣ ቢጫውን አይደለም። ከሦስቱ መርጠው አረንጓዴውን።

«ራሴ» አልኳቸው።

«እኮ» ብለው ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም። እየጠሩ ይወስዷቸዋል። ሌሎቻችን ስንጠራ ፊታችን ጠቁሮ እንመለሳለን፤ እሳቸው ብርቱካን ይዘው ይመለሳሉ። ብርቱካን! ልጠው ለሁሉም ያካፍላሉ፣ ለእኔም ይዘረጋሉ። «አልፈልግም፣ ጨጓራዬን ያመኛል» እላለሁ። ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኔ መመንጠር አልፈለግሁም። ሌሎቹ ሴቶች ብርቱካኑን እየመጠጡ ሲመርቋቸው በንዴት ጥርሴን አፋጫለሁ። እንዴት አይታያቸውም?

ጥርጣሬ ለብቻው ግን አያጠግበኝም። ኬሚስት ነኝ፤ የጠረጠርኩትን ካልፈተንኩት እንቅልፍ የለኝም። አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ልብስ ስናጥብ ሌላ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ በማር በተለወሰ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ያን ዕለት ስለ አረንጓዴው ጠይቀውኝ ነበር አይደል? ውሃውን የቀዳሁት መልካሳ ነው፤ ከወንዙ። ለማንም እንዳይናገሩ» አልኳቸው። መልካሳን የመረጥኩት አስቤበት ነው። እዚያ የማውቀው ሰው የለም። ወንዝን ደግሞ ማንም አያስርም።

ቀና ብለው ፊቴን አዩና፣ «ምስጢርሽ አላህ ዘንድ ነው» አሉና ማጠባቸውን ቀጠሉ።

መርማሪው ከተማሪዎቼ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ድካም ነበረበት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስጠራኝ አንድ ወረቀት እያየ፣ «ላቦራቶሪው ሦስቱም አንድ ነገር ነው ብሏል» አለኝ።

«እኔም ከመጀመሪያው የነገርኳችሁ ይሄንኑ ነው።»

«ታዲያ አንድ ነገር ከሆነ ለምን በሦስት ቀለም ለየሽው?»

አስረዳሁት። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፣ አደራደሩ ግን ይለያያል፤ በምን ውሃ ውስጥ እንዳደገ፣ ምን እንደተጨመረበት ይወስነዋል፤ በማይክሮስኮፕ ይታይ አልኩት። እንደ ጎበዝ ተማሪ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ማይክሮስኮፕ የለንም» አለ። «የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ዓላማ፣ ሦስት ቡድን። ቀዩ ማን ነው? ቢጫው ማን ነው? አረንጓዴውስ?»

መሳቅ አማረኝ፤ ወዲያው ፈራሁ። ሰውየው አላሾፈም። ራሱ ያመነበትን ነው የጠየቀኝ። ልወጣ ስነሳ፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ እንደ ዋዛ ጣል አደረገው።

«ለመሆኑ መልካሳ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ፈተናዬ ውጤት ሰጥቷል፤ ግን ምን ያደርግልኛል? እትዬ እንደ ወትሮው «እንኳን በሰላም መጣሽ» አሉኝ። አላየሁም፣ አልሰማሁም አልኩ። ዘጋኋቸው። ፍራሼን ከእሳቸው ጥግ አርቄ ወሰድኩ። ሴቶቹ «ቲቸር ምን ነካት?» ተባባሉ። ብነግራቸው ማን ያምነኛል? እሳቸውን የክፍሉ እናት አድርገዋቸዋል።

ወባዬ የተነሳው በዚያው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ውስጥ በብርድ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ክኒን እስኪመጣ ድረስ ጭንቅላቴ የኔ አልነበረም። የቦይለሩ ሰውዬ ልጆች በሩ ጋ ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ነጠላቸውን ነክረው ግንባሬን ይጠርጋሉ። ገፍቼ ላስወግዳቸው ፈለግሁ፤ አቅም የለኝም። ይባስ ብሎ አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው አለ... ከያዙት ልጆቹ... ስሙ...»

መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ሳሙና ይሸታል፤ ከባድ እጅ ነበር።

«ዝም በይ! ለኔ አትንገሪኝ።»

እንባዬ በጣቶቻቸው መሃል ወረደ። ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣ «እኔንም ይጠይቁኛል እኮ» አሉኝ። «የልጄን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነው የሚጠይቁኝ። የሰማሁትን ልደብቅ ብል ፊቴ ይናገርብኛል። ያልሰማሁትን ግን ከየት አመጣላቸዋለሁ?»

እጃቸውን ሲያነሱ፣ «የመልካሳውን እርስዎ ነዎት የነገሯቸው» አልኳቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እንዲያ ፊት ለፊት ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። «አረንጓዴውንስ ለምን ጠየቁኝ?»

«ሦስቱንም ጠይቂያት ተብዬ ነዋ፤ አረንጓዴው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ስለተለወጠ ከእሱ ጀመርኩ። ወላሂ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁሽም። ባዶ እጄን ስመለስባቸው ደግሞ ልጄን ያነሱብኛል። አንድ ነገር ማቅረብ ነበረብኝ። የመልካሳውን ያቀረብኩት ውሸት ስለሆነ ነው።»

«ውሸት መሆኑን በምን አወቁ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሸጬ፣ የሚዋሽ ደንበኛ ይጠፋኛል? አንቺ እውነት ስትናገሪ ትቆጫለሽ። የዚያን ቀን አፍሽ ማር ሆነ።»

ተናደድኩ። ደስም አለኝ፤ አለቀስኩም። እንዲያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም፤ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ይሄም ሌላ ዘዴ ቢሆንስ? ትኩሳቱ እስኪለቀኝ ነጠላቸውን እየነከሩ አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔም ከነጥርጣሬዬ ተኛሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስጠራ ሦስቱ ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር። የአረንጓዴው ክዳን ክፍት ነው፤ ዱቄቱ ረግቶ ታች ተጣብቋል።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ውሃ ጨመርንበት» አለ መርማሪው። «አልሟሟም። አልፈነዳምም።»

«መቼ?»

«ሰነባብቷል። ምነው?»

ጌታ ሆይ! ያን ሁሉ ልፋቴን፣ ያ ሰው እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሎ የጠረገልኝን፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ። ይሄኔ ወደ ካልሳይት ተለውጧል። ሦስቱ እንደሚለያዩ የማስረዳበት ማስረጃ እነሱ እጅ ውስጥ እያለ መልኩን ቀይሯል። ብናገር ማን ይገባዋል? ንዴቱ ግን አንድ ነገር አደረገልኝ፤ ፍርሃቴን ወሰደው።

መርማሪው ብዕሩን አነሳ። «ቀዩ ማን ነው?»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት።

«ቢጫው?»

ስሜን ከነአባቴ።

«ቀልድ ይመስልሻል? አረንጓዴው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ሦስቱንም ያሰብኩት እኔ፣ ናስትሮውን ያሰርኩባቸውም እኔ፤ ከኔ ሌላ ሰው የለም። ስሜን ሦስት ጊዜ ይጻፉት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ውሃውንስ ማን ቀዳልሽ?»

ያደግሁበት ቤት ውሸት እንደ ሌብነት ነው የሚታየው፤ አባቴ የወንጌል ሰው ነበር። ይቅር ይበለኝ።

«እኔው። ከመልካሳ፣ ከወንዙ።» በቁጣ ነበር የተናገርኩት። እትዬ እንዳስተማሩኝ።

ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት አወጣ፣ ከፊቱ ካለው ጋር አስተያየ። ትከሻው ላላ። «ከሌላ ወገን የደረሰንም እሱ ነው» አለና ጻፈ። ስለ ውሃው ዳግመኛ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንድ ጠዋት ዕቃሽን ያዢ ተባልኩ። ለምን እንደገባሁ በቅጡ እንዳልተነገረኝ፣ ለምን እንደወጣሁም አልተነገረኝም። የሚወጣ ሰው ብርድ ልብሱን ለክፍሉ ይተዋል፤ ትቼ ሁሉንም ተሰናበትኩ። እትዬ ጥጋቸው ላይ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ፊታቸው ቁጭ አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ጨጓራሽስ?» አሉኝ።

«ተሻለኝ።»

«ከነሱ ጠረጴዛ የመጣ ነው፤ እወቂው።»

«አውቃለሁ።» ግማሹን ሰጡኝ። እዚያው እፊታቸው በላሁት፤ ጎምዛዛ ነበር።

በሩ ላይ ቦርሳዬንና ስልኬን ሰጡኝ። ብልቃጦቼን ካልያዝኩ አልሄድም አልኩ። ዘበኛው፣ «ሴትዮ፣ በሰላም ቤትሽ ግቢ» ብሎ ለመነኝ። አልሄድኩም፤ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ከሰዓት በኋላ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት አረንጓዴውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ድቡልቡል የሚባል አልቀረም፤ ሁሉም ጠርዝ አውጥቷል።

እትዬ በኋላ እንደወጡ ሰምቻለሁ። ሱቃቸው ጋ ሄድኩ፤ ሌላ ሰው ጫማ ይሸጥበታል። ወሎ ገቡ የሚል አለ፣ ልጃቸው ጋ ሄዱ የሚልም አለ። ስለ ሌሎቹ ሴቶች ምን አቅርበው ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። የሁሉንም ውሸት ለይተው ያውቁ ነበር? አላውቅም። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ፣ ከጥያቄው በፊት የጠያቂውን ፊት የማየት አመል ተጣብቶኝ ቀርቷል። ባሌ ስኳር ስንት ላድርግልሽ ሲለኝ እንኳ አየዋለሁ፤ ይስቅብኛል።

ሙከራውን እንደገና ጀምሬያለሁ። ናስትሮዬም ያው ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። አሁን ሱቁ ሰማያዊም ጥቁርም አለው፤ አልቀየርኩም።

በቀደም «ፍልውሃ» ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ ሆን ብዬ አልደወልኩለትም።

«ዶክተር! አካም ጅርቱ? ኧረ ጠፉብን እኮ!»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልጆች ደህና ናቸው?»

«ትልቋ ትምህርት ቤት ገባች። ይልቅ ያ የቀዳሁልዎ ውሃ ምን ደረሰ?»

የመንገዱ ጫጫታ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ማንም ላይሰማን ይችላል። ሊሰማንም ይችላል።

«የመልካሳውን ማለትህ ነው?» አልኩት። «እኔ ራሴ ከወንዙ የቀዳሁትን?» ድምፄ ሳላስበው ቁጣ ቁጣ አለው።

በዝምታው ውስጥ የጠፋሁበትን ጊዜ ሁሉ ሲያሰላው ይታወቀኛል።

«አዎ ዶክተር» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «የመልካሳውን።»

ደህና ደርሷል አልኩት። ከዚያ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አወራን።